የዱቤ መዝገብ

ባቲ ላይ ሳምንቱ ሰኞ ነው የሚያልቀው፣
ግመሉ አሞሌውን አራግፎ ሜዳውን ሲለቀው።
ያኔ ነው መዝጊያውን በትከሻዬ ገፍቼ፣
የሚዛኑን ሳህን ጠርጌ፣ አምፖሉን አብርቼ፣
የዱቤ መዝገቡን ባንኮኒው ላይ የምዘረጋ፣
ስም በስም፣ ብር በብር፣ ማን ከፈለ፣ ማን ተዘናጋ።

ይመር የወፍጮው፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና።
ዘምዘም፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፤ ያለፈው አልተከፈለም ገና።
እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ከኋላ፣ ማንም በማይገልጥበት፣
አንድ ስም አለ በቀይ እስክሪብቶ፣ ዕዳ የበዛበት፦
ጦይባ ሰይድ። ሰባት ገጽ። ለሰኞ።
ጦይባ እኔ ነኝ።
አበዳሪዋም እኔው ነኝ፤ ደጄን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለኝ።

ልቦለድ ነው የምጽፈው። ለእህቴ ለሐዋ አልነገርኳት፤
"ስንት ያወጣል?" ነው የምትል፣ እኔ ነኝ የማውቃት።

አንደኛው ሰኞ፦ ሰባት ተባለ፣ ሦስት ተከፈለ።
ምክንያት፦ ዱቄት ገባ፣ ሳራግፍ ወገቤ ዛለ።
ሁለተኛው ሰኞ፦ ከነውዝፉ ዐሥራ አንድ፤ የተከፈለ አንድ፣
እሷንም ጠዋት አንብቤ ሰጠኋት፣ ከሰሉ እንዲነድ።
ሦስተኛው ሰኞ፦ ባዶ። አጠገቡ ኮከብ አለ፣
ምን ማለቴ እንደነበር ከአእምሮዬ ኮበለለ።
አራተኛው ላይ ሃያ አራት። ሃያ አራት ገጽ!
ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሽማግሌ ልኬበት ነበር።

ሙሄ ግን ምን በደለ?
ሙሄ የልቦለዴ ሰው ነው፣ የድሮ የአሰብ መስመር ሾፌር፣
ከሚሌ ወዲህ ጎማው ፈንድቶ፣ ክሪኩን ተክሎ ከአሸዋ ዳር፣
በአንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ አራት ሳምንት ቆሟል።
እኔ ለጥላው ቃል ስመርጥ፣ እሱ ጥላ አጥቶ ከስሏል።
ሌሊት ሌሊት ይመጣል፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፦
"እመቤት፣ አታሳምሪኝ። ጎማ ነው ያስፈለገ።"

ጋሽ አረቡ ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ በምርኩዛቸው፤
ለሚስታቸው ሰደቃ የወሰዱት ሩዝና ዘይት ነው ዕዳቸው።
ዐሥር ብር ያስቀምጣሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዐሥር ብር፣
ዝናብ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ሳትጎድል ሳትጨምር።
አንድ ቀን "ይብቃ፣ ጋሼ፣ የቀረውን ትቼዋለሁ" ብላቸው፣
ተቆጡ። ብሯን ሳይለቅ ተንቀጠቀጠ እጃቸው።
"ታዲያ ሰኞ ሰኞ ምን ብዬ ልምጣ?" አሉኝ።

ያን ማታ ሰባትን ሰረዝኩ። ሃያ አራቱንም ሰረዝኩ፣
ወረቀቱ እስኪበሳ። ከሥሩ "ሁለት" ብዬ ጻፍኩ።
ከሱብሒ አዛን በኋላ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣
ደግ ቢሆን ክፉ፣ ቢጣመም ቢቃና፣ በሳምንት ሁለት።
ለሙሄ ጎማ ሰጠሁት፣ በአንድ መስመር፤
ከየት እንዳመጣሁት አልገለጽኩም፣ ማንስ ሊጠይቅ ነበር?
ሞተሩ ጮኸ። አልሐምዱሊላህ፣
አራት ሳምንት የፈጀሁት ለዚች ነው?

እነሆ ከዚያ ወዲህ፦ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት፣
ዜሮ (ሐዋ የታመመችበት)፣ ሁለት።
ሙሄ ካሳ ጊታን አልፏል፤ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዞታል፣
የባቲም መብራት ከሩቅ ታይቶታል።

አሁን እኔ ፈራሁ። በዚህ ከገፋ፣ በሁለት በሁለት፣
በሚመጣው ሰኞ ደርሶ ይቆማል ከሱቄ ፊት፣
አቧራው ሳይራገፍ፣ ክሪኩን እንደያዘ፤
"ውሃ" ይለኛል፣ "በዱቤ"፣ ድምፁ በጥማት እንደተያዘ።
እኔም መዝገቡን እገልጣለሁ፣ እስክሪብቶዬን አነሣለሁ፤
በማን ስም ልጻፈው? በእሱ? በእኔ?
እስከ ሰኞ አስባለሁ።